ማንን ቀድመሽ ታያለሽ?

አራት ታካሚዎች አሉሽ። ፈረቃሽን አሁን ተረክበሻል። የመጀመሪያው የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ የጠዋት ስኳሩ 180 ሆኖ ተለክቷል፣ ኢንሱሊኑ ስለዘገየበት ተቆጥቷል። ሁለተኛው ትናንት ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወጣት ነው፤ ሕመምህ ከ10 ስንት ነው ሲባል 8 ብሎ «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ ይጮኻል። ሦስተኛዋ ከ4 ሰዓት በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ አልጋዋ የተመለሰች እናት ናት። አትጮኽም። ብቻ ትቁነጠነጣለች፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሏል፣ አየር ስትስብ ሲር የሚል ነገር ይሰማል። ስትጠየቅ «ደህና ነኝ፣ አንገቴን ትንሽ ጠበቅ አደረገኝ እንጂ» ትላለች። አራተኛው ዛሬ ወደ ቤቱ የሚሄድ ነው፤ ሦስት አስታማሚዎቹ በር ላይ ቆመው «ወረቀታችን የት ደረሰ?» እያሉ ነው።

ማንን ቀድመሽ ታያለሽ?

ይህን ጥያቄ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ቅርጹ ግን የነርሶች የሥራ ፈቃድ ፈተና የሚያዘወትረው ዓይነት ነው። ነርስ ላልሆኑ ጓደኞቼ ሳቀርብላቸው አብዛኞቹ የሚጮኸውን ወጣት መረጡ። አንዱ «መጀመሪያ በር ላይ ያሉትን ሸኝቼ ልገላገል» አለኝ። መልሱ ግን ሦስተኛዋ ናት። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና በተደረገበት አንገት ውስጥ ደም ሊጠራቀም ወይም እብጠት ሊፈጠር፣ የአየር መተላለፊያውም ሊጠብ ይችላል። ያ ሲር የሚለው ድምፅ መተላለፊያው እየጠበበ ስለመሆኑ ማስጠንቀቂያ ነው። የሚጮኸው ወጣት በጣም አሞታል፣ ማስታገሻም ይገባዋል፤ ነገር ግን ለመጮኽ አየር አለው። ዝም ያለችው እናት ግን ከደቂቃዎች በኋላ ላይኖራት ይችላል።

እኛ አገር «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። አልጋ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁትም ስለዚህ ነው፦ ለነርስነት ፈቃድ ፈተና የምንዘጋጅበት መንገድ ዝም ያለውን ታካሚ የሚያይ ዓይን፣ አይቶም የሚናገር አፍ ያወጣል ወይ? የእኔ መልስ «አሁን በተያዘው አካሄድ አያወጣም» የሚል ነው።

አንቺን ምን አገባሽ?

ነርስ አይደለሁም። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ግን ሁላችንም አንድ ቀን እዚያ አልጋ ላይ እንተኛለን፣ ካልሆነም የእናታችንን እጅ ይዘን አጠገቡ እንቆማለን። ያን ዕለት በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ምን ተፈትኖ እንደመጣ ሊያገባን የሚጀምር ከሆነ ዘግይተናል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በዙሪያዬ ነርሲንግ የተመረቁ ልጆች ሞልተዋል። አንዳንዶቹ የአገር ውስጡን የብቃት ምዘና ይጠብቃሉ፤ ጤና ሚኒስቴር ለአዲስ ተመራቂዎች ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና መስጠት ከጀመረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር የመውጫ ፈተና ተጨምሮበታል። ሌሎቹ ዓይናቸው ባሕር ማዶ ነው፤ የአሜሪካኑን «ኤንክሌክስ» ያጠናሉ። አሜሪካ ያሉትም እንዲሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ አረጋዊ በመንከባከብ ወይም በነርስ ረዳትነት እየሠራ፣ ማታ ማታ ነርሲንግ የሚማር ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ስንት ነው?

የሁሉም ወሬ አንድ ነው፦ «ጥያቄ አለሽ?» ለታካሚ የሚሆን ጥያቄ እንዳይመስላችሁ፤ የፈተና ጥያቄ ማለታቸው ነው። ያለፈው ዙር ጥያቄ፣ ሾልኮ ወጣ የተባለ ጥያቄ፣ በቴሌግራም የሚዞር የ300 ገጽ ፋይል። በአንድ ወቅት እጅጌ ውስጥ ይደበቅ የነበረው አጤሬራ ዛሬ ስልክ ውስጥ ገብቶ «የዝግጅት ማቴሪያል» ተብሏል።

ፈተናው ምን ፈልጎ ነው?

ኤንክሌክስን እንደ ምሳሌ የወሰድኩት አሜሪካ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ስለሆነ አይደለም፤ ይህ ፈተና በቅርቡ ራሱን ለምን እንደለወጠ ማወቅ ስለሚጠቅመን ነው።

ፈተናው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው፤ ያውም ከተፈታኙ ጋር በሚራመድ ኮምፒውተር። በትክክል ስትመልሺ የሚቀጥለው ጥያቄ ይከብዳል፣ ስትስቺ ይቀላል። ለተመዘገበ ነርስ የሚሰጠው ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ አለው፤ ጊዜው 5 ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ «አዲሱ ትውልድ» የተባለው ቅርጽ መጣ። አሁን ተፈታኟ ፊት የሚቀርበው አንድ ሙሉ ታካሚ ነው፦ የነርስ ማስታወሻው፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ የሐኪሙ ትዕዛዝ፣ በየሰዓቱ የተለካው የልብ ምትና ትንፋሽ። በዚያ አንድ ታካሚ ላይ ስድስት ጥያቄ ይከተላል።

ስድስቱ ጥያቄዎች ስድስት እርምጃዎችን ይከተላሉ። አንደኛ፣ ከዚህ ሁሉ መረጃ ውስጥ አሳሳቢው የቱ ነው? ሁለተኛ፣ ምን ማለት ነው? ሦስተኛ፣ ሊሆኑ ከሚችሉት ችግሮች የትኛው ይቀድማል? አራተኛ፣ ምን ምን ማድረግ ይቻላል? አምስተኛ፣ አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ስድስተኛ፣ ያደረግሽው ሠርቷል ወይስ አልሠራም? የፈተናው ባለቤቶች ይህን «ክሊኒካዊ ውሳኔ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ማስተዋል ነው። አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ነው።

ልብ በሉ፣ መድኃኒቱን ማወቅ ከስድስቱ ውስጥ ራሱን የቻለ እርምጃ ሆኖ አልተጻፈም። ማወቅ ተፈታኟ ይዛው የምትመጣው ስንቅ ነው። የሚፈተነው በስንቁ ምን እንደምታደርግበት ነው።

የሽምደዳ ዕዳ

አሁን ወደ 300 ገጹ ፋይል ልመለስ። ችግሩ ሥነ ምግባር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ አንቀጽ ጽፌ፣ «ነውር ነው» ብዬ በዘጋሁት ነበር። ችግሩ ከዚያ ይብሳል። የተሸመደደ መልስ የሌላ ታካሚ መልስ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሞርፊን የታዘዘለት ሰው ሕመሙን 7 ይላል። በደቂቃ 18 ጊዜ ይተነፍሳል። ምን ታደርጊያለሽ? የታዘዘውን ትሰጫለሽ። አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተሽ 18ቱን ብቻ 8 አድርጊው። መልሱ ተገለበጠ። መድኃኒቱን አትሰጪም፤ ታካሚውን ትቀሰቅሻለሽ፣ ትንፋሹን ትረጃለሽ፣ እርዳታ ትጠሪያለሽ፣ የሞርፊንን ጉልበት የሚያከሽፈው ናሎክሶን እንዲቀርብ ታደርጊያለሽ። «ሕመም 7 ከሆነ ሞርፊን» ብላ የሸመደደችው ልጅ የመጀመሪያውን ጥያቄ አልፋለች። ሁለተኛውን ታካሚ ግን ልትገድለው ትችላለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቁጥር ነው፤ እሱም በሽምደዳ የሚገኝ ሳይሆን ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ ቆሞ በመቁጠር የሚገኝ ቁጥር ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ። ከወለደች ሰዓት ያልሞላት እናት ደም በብዛት እየፈሰሳት ነው፤ ሆዷ ሲዳሰስ ማህፀኗ ልል ሆኗል። አማራጮቹ እነሆ፦ ሐኪም መጥራት፣ የደም ግፊት መለካት፣ ማህፀኑን ማሸት፣ የሆነውን ካርዱ ላይ መጻፍ። ከእነዚህ ውስጥ ስህተት የቱ ነው? አንዱም አይደለም። አራቱም መደረግ አለባቸው። ጥያቄው «መጀመሪያ የትኛው?» ነው። መልሱ ማህፀኑን ማሸት ነው፤ ምክንያቱም የላላ ማህፀን እስኪኮማተር ድረስ ደሙ ይፈሳል፣ ሐኪሙን ስልክ ላይ ስትፈልጊም ይፈሳል። እያሸሽ ነው ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ የምትጣሪው። ደም መፍሰስ በዓለም ላይ ወላዶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ማለት ሕይወት ማለት ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ። በሆዱ ውስጥ ደም የሚፈሰው ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው የደም ግፊት መውረድ አይደለም። መጀመሪያ ይቁነጠነጣል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ሽንቱ ይቀንሳል። ሰውነት ግፊቱን እስከሚችለው ድረስ ይዞ ይቆያል። ግፊቱ ሲወድቅ ቤቱ ቀድሞ እየተቃጠለ ነበር። «ግፊቱ 110 ነው፣ ደህና ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ቁጥሩን አንብቧል፣ ሰውየውን ግን አላየውም።

«እውቀት ከሌለ ማስተዋል ከየት ይመጣል?»

ጥሩ ክርክር ነው፣ ጓደኞቼም አንስተውብኛል። «የመድኃኒቱን መጠን፣ የፖታሲየምን ልክ ካልሸመደድኩ ምኑን አገናዝባለሁ? አንቺ እዚያ ሆነሽ ፍልስፍና ታወሪያለሽ» አለችኝ አንዷ። እውነቷን ነው። የተከማቸ ፖታሲየም በቀጥታ በደም ሥር ተገፍቶ አይሰጥም፤ ልብን ያቆማል። ይህን በቃል መያዝ የግድ ነው፣ ማገናዘቢያ ጊዜም የለውም። በቃል መያዝ ያለበት ነገር በቃል ይያዝ።

የምቃወመው እውነታን መያዝ ሳይሆን መልስን መያዝ ነው። «የፖታሲየም ጤናማ ልክ ከ3.5 እስከ 5.0 ነው» እውነታ ነው፤ የትኛውም አልጋ አጠገብ ይሠራል። «የዚህ ጥያቄ መልስ ሐ ነው» ግን ከዚያ ወረቀት ውጪ የትም አይሠራም። እኔ የማውቃቸው ጎበዝ አጥኚዎች አንድ ጥያቄ ከሠሩ በኋላ መልሱን አይተው አያልፉም። «ለ ለምን አልሆነም? ምን ቢቀየር ለ ይሆን ነበር?» ብለው ይከራከራሉ። በቀን 200 ጥያቄ ከመጋለብ 20 ጥያቄ እንዲህ መበለት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በእኔ ሙያ የመጀመሪያ ዓመት ላይ «አጣሪ፤ አንድ ምንጭ ምንጭ አይደለም» እንባላለን። ነርሶችም ዘንድ ተመሳሳይ ሕግ አለ፦ መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት የታካሚውን ማንነት በሁለት መለያ አረጋግጪ፤ የአልጋ ቁጥር ከመለያ አይቆጠርም። ፈተና ላይ ቀላል ነጥብ ነው። አሁን ወደ እኛ አገር ዋርድ አምጡት። «አቶ ከበደ ነዎት?» ተብለው የተጠየቁ የታመሙ አባት፣ ጆሮአቸው ደከም ያለ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሰው ማስቸገር የማይፈልጉ፣ ምን ይላሉ? «አዎ ልጄ» ነው የሚሉት። ስማቸው ተሰማ ቢሆንም እንኳ! ስለዚህ «ነዎት?» ሳይሆን «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ነው ጥያቄው። ሁለተኛው መለያ የትውልድ ቀን ይሁን ቢባል ደግሞ ቀኑን በትክክል የማያውቁ ስንት ወላጆች አሉን? እንግዲያው የካርድ ቁጥሩ ይመሳከር። ሕጉን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ሕጉ እኛ ቤት በየት በኩል እንደሚያፈስ ማየት ደግሞ ሌላ፤ ውሳኔ መስጠት ማለትም ይኸው ሁለተኛው ነው።

የናሽቪሏ ነርስ

እስካሁን ነርሷ ላይ ብቻ ጣቴን የቀሰርኩ ይመስላል። አይደለም። አንድ በይፋ የታወቀ ታሪክ ልንገራችሁ።

በዲሴምበር 2017 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ፣ ራዶንዳ ቮት የተባለች ነርስ አንዲት የ75 ዓመት ታካሚ ምርመራ ላይ እንዳትጨነቅ የሚያረጋጋ ቨርሰድ የተባለ መድኃኒት እንድትሰጥ ተላከች። መድኃኒቱን ከኮምፒውተር ከሚታዘዘው ቁም ሳጥን ለማውጣት የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት አስገባች። ማሽኑ ግን መድኃኒቱን የሚያውቀው ሚዳዞላም በሚለው ሌላ ስሙ ነበር። ስላላገኘችው ገደቡን የሚያልፈውን ትዕዛዝ ተጠቀመች፤ በእነዚያው ፊደላት የሚጀምረው ቬኩሮኒየም ወጣላት። ቬኩሮኒየም ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ የመተንፈሻ ጡንቻንም ጭምር። ክዳኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ቨርሰድ ፈሳሽ ሲሆን ይኼኛው መበጥበጥ ያለበት ዱቄት ነበር። ሰጠቻት። ከሰጠች በኋላም ታካሚዋን የሚከታተል መሣሪያ አልተገጠመም። ሴትየዋ በማግሥቱ አረፉ።

ነርሷ ስህተቷን ወዲያው ተናግራለች። የፌደራል ተቆጣጣሪዎች ግን ጉዳዩን ያወቁት ከወራት በኋላ በ2018፣ ስሙን ባልገለጸ ሰው ጥቆማ ነበር። በ2022 ማርች ወር በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለች፤ በሜይ የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነባት። የሥራ ፈቃዷን ቀድማ አጥታ ነበር።

ስድስቱን እርምጃዎች አምጥታችሁ ብትደረድሩ ነርሷ ብዙዎቹን ዘላለች። ዱቄት መሆኑ ምልክት ነበር፣ የክዳኑ ጽሑፍ ምልክት ነበር፣ ከሰጡ በኋላ ቆሞ ማየት ስድስተኛው እርምጃ ነው። ይህን አላድበሰብስም። ነገር ግን ተከላካዮቿ ገደቡን አልፎ መድኃኒት ማውጣት በዚያ ወቅት በሆስፒታሉ የዕለት ተዕለት አሠራር እንደነበር ተከራክረዋል። ሽባ የሚያደርግ መድኃኒት በሁለት ፊደል የሚወጣበትን ቁም ሳጥን ያደራጀው ማን ነው? እሱስ ምን ፈተና ወሰደ? ብዙ የአሜሪካ ነርሶች ፍርዱን ሲሰሙ የደነገጡት ስህተቷን ንቀው አልነበረም። «ነገ የተሳሳተ ሰው ይናገራል ወይስ ይደብቃል?» ብለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት «መሳሳት ሰብዓዊ ነው» የተባለውን ዘገባ ሲያወጣ በዚያች አገር ሆስፒታሎች በሕክምና ስህተት በዓመት ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት ገምቶ ነበር። የዘገባው ዋና ነጥብ ግን ቁጥሩ አልነበረም፤ ስህተቱ በአብዛኛው የመጥፎ ሰዎች ሳይሆን የመጥፎ አሠራር ውጤት ነው የሚል ነበር። ሰው ይሳሳታል፤ ጥሩ ቤት ማለት የሰው ስህተት ታካሚው ጋ ሳይደርስ በአንዱ ግድግዳ የሚቆምበት ነው። ፈተናው አንድ ግድግዳ ነው። ብቸኛው ግድግዳ ካደረግነው ግን ነርሷንም ታካሚውንም አሳልፈን ሰጥተናል።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ፈተናው ላይ «ለሐኪሙ አሳውቂ» የሚል አማራጭ ይመጣል። በወረቀት ላይ በአንድ ጠቅታ ያልቃል። በሌሊቱ ፈረቃ ግን አንዲት የ23 ዓመት ሲስተር፣ ተኝቶ የነበረ፣ ትናንት በራውንድ ላይ በሰው ፊት ያሳፈራትን ስፔሻሊስት መቀስቀስ ማለት ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ይጀምራሉ፦ «ዶክተር ይቅርታ፣ ስለረበሽኩዎት… ታካሚዋ ትንሽ ደህና አልሆኑም መሰለኝ…» ከዚያኛው ጫፍ «እስከ ጠዋት ተከታተያት» ይመጣል። ስልኩ ይዘጋል።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆን አንድ የንግግር ስልት አለ። መነሻው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ በኋላ ሆስፒታሎች ወሰዱት። አራት ነገር በቅደም ተከተል ትናገሪያለሽ፦ አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ። የእንቅርቷን እናት ጉዳይ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ዶክተር፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ተረኛ ነርስ ነኝ። ወይዘሮ አልማዝ ሲተነፍሱ ሲር የሚል ድምፅ ጀምሯቸዋል፣ ኦክስጅናቸው ከ96 ወደ 90 ወርዷል። ከ4 ሰዓት በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። አንገታቸው አብጧል፤ የአየር መተላለፊያቸው እየጠበበ ነው ብዬ እሰጋለሁ። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።» ክብር አልጎደለም፣ «እርስዎ» አልቀረም። ይቅርታ ግን የለም። ሰውን ከሞት ለማትረፍ ይቅርታ አይጠየቅም።

ይህ ጨዋነትን መጣል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ አንዱ በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ያደርጋል። ስሙን የተናገረ ሰው ቀጥሎ «ቆይ!» ለማለት ይቀለዋል። ዝርዝሩ በስምንት ከተሞች፣ ከእነዚህም አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት፣ ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም። አንድ ወረቀትና የመናገር ፈቃድ ነው።

ደግሞ ጊዜም ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ሆስፒታሎች ላይ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ታዋቂ ጥናት፣ ለአንድ ነርስ አንድ ተጨማሪ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ ለነርስ የሚሰጠውን የታካሚ ብዛት በሕግ ገድባለች። ትንፋሽ ለመቁጠር አንድ ሙሉ ደቂቃ ይፈልጋል። ያንን ደቂቃ የነፈግናትን ነርስ «ለምን አላስተዋልሽም?» ማለት ድፍረት ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

ለተፈታኞች፦ ፋይሉን ዝጉትና ጓደኛችሁን ታካሚ አድርጉ። አንድ ቁጥር እየቀየራችሁ ተጠያየቁ። አታችመንት ላይ ስትሆኑ በገባችሁበት ክፍል ሁሉ ራሳችሁን ጠይቁ፦ «ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ሊሞትብኝ የሚችለው ማነው? በምን አውቃለሁ?» ይህ ጥያቄ በየትኛውም ቴሌግራም ላይ አይሾልክም፤ ለኤንክሌክስም ለአገር ውስጡም ፈተና ግን ያዘጋጃል።

ለአስተማሪዎች፦ ተማሪ ስትጠይቅ «ይህንንም አታውቂም?» ብሎ ማሳፈር ዝም የምትል ነርስ ማምረቻ ነው። ክፍል ውስጥ «አልገባኝም» ለማለት የፈራች ልጅ ዋርድ ውስጥ «ዶክተር፣ ይህ መጠን ትክክል አይመስለኝም» እንድትል አትጠብቁ።

ለሆስፒታሎች፦ የተናገረችውን አትቅጡ። ስህተቷን በራሷ አፍ ያመጣች ነርስ ነጻ ምርመራ አድርጋላችኋለች።

ለእኛ ለአስታማሚዎች ደግሞ፦ በር ላይ በመጮኽ ወረፋ አንስረቅ። ጩኸታችን የሚቀድመው ዝም ያለውን ሰው ነው። ይልቅ ከማንም በላይ የምናውቀውን እንናገር፦ «ሲስተር፣ እናቴ ትናንት እንዲህ አልነበረችም።» አንድ የተለወጠ ነገር ጠቁሞ መንገር ከአሥር ጩኸት ይበልጣል።

ፈተና አልፎ ሥራ መያዝ ሕልም ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ተስፋ የተንጠለጠለበት ሕልም፤ አላናንቀውም። ግን ከፈተናው ማዶ የሚጠብቀን ሰው አለ። እሱ አራት አማራጭ ይዞ አይመጣም። «ደህና ነኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ፈቃድ የተሰጣት ነርስ እዚያ አልጋ አጠገብ አንድ ደቂቃ ቆማ ትንፋሹን ከቆጠረች፣ ያ ፈቃድ ለሚገባት ሰው ተሰጥቷል።